ጭንቅላቴን አልተመታሁም ያልኩባቸው ሳምንታት

መጀመሪያ የከዳኝ ቀኝ እጄ ነው። ዱሉዝ በምትባል ከተማ ባለ ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን ላይ አድራሻ ስለጥፍ ነው የምውለው፤ ስምንት ዓመት ሠርቼበታለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜም እለጥፋለሁ። ያን ቀን ወረቀቱን ላጥ አድርጌ ካርቶኑ ላይ ላሳርፍ ስል ጠረጴዛው ላይ አሳረፍኩት። አነሳሁና ደገምኩ። አሁንም ጠረጴዛው ላይ። አጠገቤ የምትሠራው ልጅ ሳቀችብኝ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ መቁረጫው ከእጄ ወደቀ። ጎንበስ ብዬ ባነሳው መልሶ ወደቀ። ያኔ መሳቄን ተውኩ።

የምጽፈው የተማርኩ ሆኜ አይደለም። እስከ አራተኛ ክፍል ነው የሄድኩት፤ የቀረውን ንባብ መጽሐፍ ቅዱስ ነው ያስተማረኝ። የምጽፈው መንገድ ዳር ቆሜ አንድ ጥፋት ስላጠፋሁ ነው። ያንን ጥፋት ስደብቅ ደግሞ ራሴን ልገድል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። መኪና የምትነዱ፣ ልጅ ያላችሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እጄ ከመክዳቱ አምስት ሳምንት በፊት፣ እሑድ ቀን፣ ከቸርች ወጥተን በዘኒ መኪና ወደምንኖርበት ወደ ታከር እየተመለስን ነበር። ዘኒ ጓደኛዬ ናት፤ በአንድ ዓመት በዲቪ የመጣን፣ ልጆቻችንን አብረን ያሳደግን። ስልኬ ጮኸ። ናሆም ነው፣ ልጄ። ያለኝ እሱ ብቻ ነው፣ ሃያ አራት ዓመቱ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ነን።

«እማ፣ እንዳትደነግጪ። ጎማ ፈንድቶብኝ የመንገዱን ግንብ ገጨሁት። ደህና ነኝ። ቱ-ኤይቲ-ፋይቭ ላይ ነኝ፤ ቶው ትራክ መጥቷል፣ መኪናዋን ሊጎትታት ነው።»

«ደም አለህ?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ! እንዳትመጪ። ሰማሽ? ሃይዌይ ነው፣ እንዳትመጪ።»

ስልኩን ዘጋሁና «ልጄ አለቀ!» ብዬ ጮኽኩ። እኛ እንደዚህ ነን። ክፉ ወሬ ለእናት በስልክ አይነገርም። ደህና ነኝ፣ አትምጪ ያለ ልጅ አንድ ነገር ሆኖ ነው። ዘኒም እንደኔው ነው የገባት፤ መሪውን ወዲያው አዞረችው፤ በአንድ እጇም ለቸርች ሰዎች መደወል ጀመረች። ስንደርስ ሦስት መኪና ሆነናል፤ አሥራ አንድ ሰው።

ናሆም ከመኪናው ውጭ፣ በእግሩ ቆሞ ነበር። ፖሊሱ ጽፎ ጨርሶ ሄዷል። ቶው ትራኩ ቢጫ መብራቱን እያሽከረከረ ቆሟል። እኛም ከኋላው መንገዱ ዳር ተደርድረን ፓርክ አደረግንና ሁላችንም ወረድን። አንዱ ይጸልያል፣ አንዷ ታለቅሳለች። እኔ ሮጥኩ። ቢጫ ሰደርያ የለበሰው የቶው ትራኩ ሰው ሁለት እጁን እያወናጨፈ ይጮኻል። ምን እንዳለ አልሰማሁም፣ ብሰማም አይገባኝም።

«እማ፣ ወደ ግንቡ ጀርባ ሂዱ ነው የሚላችሁ! ለምን መጣሽ?» አለኝ ናሆም።

አንገቱን አቅፌ ጭንቅላቱን ዳሰስኩ፣ ጎድኑን ዳሰስኩ። ደህና ነው። እውነትም ደህና ነው። ከዚያ ቁመቱን ሙሉ ላየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። አንድ እርምጃ ብቻ ናት። እግሬ ነጩን መስመር ረገጠ።

ሰውዬው በሙሉ ኃይሉ ገፈተረኝ። በአየር ሄጄ በግራ ጎኔ ግንቡ ላይ ተላተምኩ፤ ጭንቅላቴ ኮንክሪቱን ሲመታው በጥርሴ ውስጥ ተሰማኝ። ወዲያው ሌላ ድምፅ መጣ። ያንን ድምፅ አልጽፈውም።

የቶው ትራኩን ሰው የገጨው ሹፌር ራቅ ብሎ ቆመና ጭንቅላቱን ይዞ ተመለሰ። ሽማግሌ ነው። በግራው ያለው መስመር ባዶ ነበር፤ ወደዚያ ቢወጣ ኖሮ ማንም አይነካም። «ሰዎቹን እያየሁ ነበር፣ ምን ሆነው ነው እያልኩ» አለ፤ ናሆም ነው የነገረኝ። እኛን ነው የሚያየው። አሥራ አንድ ሰው ሃይዌይ ላይ ሲያለቅስ ማን አያይም?

አምቡላንስ ሲመጣ አንዱ እኔ ጋ ተንበረከከ። ዓይኔ ውስጥ መብራት አበራና ጠየቀኝ፤ ናሆም አስተረጎመ፦ «ጭንቅላትሽን ተመትተሻል ወይ?» በአምቡላንሱ ሰው ትከሻ ላይ አሻግሬ አልጋው ላይ የተኛውን፣ የገፈተረኝን ሰው አየሁ። እግሩን በጨርቅ ሸፍነውታል፤ ጨርቁ ግን ቀይ ነው። እንዴት አድርጌ ነው እኔም አሞኛል የምለው?

«አልተመታሁም» አልኩ።

እዚህ ላይ ሌላም ጥፋቴን ልናገር። መንዳት የለመድኩት በአርባ አምስት ዓመቴ ነው፤ መስመር መቀየር ስለምፈራ ከቀኙ መስመር አልወጣም። መብራት አብርቶ የቆመ ፖሊስ ወይም አምቡላንስ ሳይ መሪውን ጭምቅ አድርጌ ፍሬን እይዛለሁ፤ ከዚያ ሐበሻ ይሆን እያልኩ አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ሕጉ ግን ሌላ ነው፤ ኋላ ናሆም ቁጭ አድርጎ ነገረኝ። ቀድመህ ወደሚቀጥለው መስመር ትወጣለህ፤ መውጣት ካልቻልክ ለመቆም እስክትችል ድረስ ፍጥነትህን ትቀንሳለህ። ለፖሊስ ብቻ አይደለም፣ ለቶው ትራኩም ነው። ስንት ዓመት ሙሉ በስንቱ ሰው ጀርባ አጠገብ በክንድ ርቀት እንዳለፍኩ አሁን አልጋዬ ላይ ሆኜ እቆጥረዋለሁ።

ራሴን ማመም የጀመረኝ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጠዋት ስነሳ ይብሳል፣ ጎንበስ ስል ይወጋል። ታከር ያለ ትንሽ ክሊኒክ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ጠብቄ ሐኪሟ አምስት ደቂቃ አየችኝና የአንገት ጡንቻ ነው ብላ አይቡፕሮፌን አዘዘችልኝ። በመደበኛ ሐኪሜ ትእዛዝ በየቀኑ አስፕሪን እወስዳለሁ፤ እሱንም አልነገርኳት። በዚያ ላይ ይህን ጨመርኩበት።

አልሻል ሲለኝ መደበኛ ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። በስልክ አስተርጓሚ አቀረቡልኝ፤ ለስላሳ ድምፅ ያለው ሰው ነው። «በቅርብ ጊዜ ወድቀው ወይም ጭንቅላትዎን ተመትተው ያውቃሉ ይሉዎታል» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እርግጠኛ ነዎት እናቴ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

ሐኪሙ ስለ አደጋው ሲሰማ ጭንቀት ነው አለ፤ ያየችው ነገር ነው የሚያሰቃያት፤ የእንቅልፍ መድኃኒት ጻፈልኝ። እኔም አመንኩት። ኀዘን ራስ ያሳምማል ብዬ።

ለምን እንደዋሸሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። ከአደጋው ሳምንት በኋላ ቸርች በር ላይ አንድ ወንድም ወደ ጎን ወሰደኝ። «ጠበቃ ያዢ እንጂ» አለኝ። «በየሃይዌዩ ማስታወቂያ ላይ የጠበቃ ፊት ተለጥፎ የለም እንዴ! ገፍቶ ጣለኝ፣ ራሴን አመመኝ በይ። የሰውዬው መሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ይከፍላል።» እንደ ወንድም አስቦልኝ ነው። እኔ ግን ያን ቀን አፌ ታተመ። ራሴን አመመኝ ማለት ያዳነኝን ሰው መክሰስ መስሎ ታየኝ። እሱ እግሩን ሰጠ፤ እኔ ገፋኝ ልበል?

ናሆም ደግሞ ከሥራ ሲመጣ ክፍሉ ይገባል። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ወጥቶ ይቆያል፤ የት እንደሚሄድ አይነግረኝም። ምግብ አሙቄ እጠብቀዋለሁ፣ «በልቻለሁ» ይለኛል። አንድ ቀን ምን አደረግኩህ ብዬ ስጨቀጭቀው ዞረብኝ፦

«እንዳትመጪ አልኩሽ! ሁለት ጊዜ አልኩሽ እማ!»

ሌሊት ደሜ ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ እየሰማሁ፣ እንቅልፍ ከወሰደኝ አልነቃም እያልኩ ተቀምጬ አነጋለሁ። መድኃኒቱን አልዋጥኩትም፤ ፈራሁት። ዘኒ ዳማከሴ አምጥታ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ፣ እጇን ጭናብኝ ጸለየች። «ሰውዬውን አንቺ አልገጨሽውም እቴ፣ ጌታ ያውቃል፣ ተይው አሁን» ትለኛለች። እተወዋለሁ እላታለሁ።

ከዚያ ነው እጄ የከዳኝ። በሁለተኛው ቀን ቀኝ እግሬ ምንጣፉ ላይ ይጎተት ጀመር። በሦስተኛው፣ ናሆምን ጨው አቀብለኝ ልለው ፈልጌ «ቁልፉን አቀብለኝ» አልኩት። ቁልፍ አመጣልኝ። «ቁልፉን ነው ያልኩህ!» ብዬ ተቆጣሁ። ትክ ብሎ አየኝ። ደግሜ ስጠራው በአባቱ ስም ጠራሁት።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ወጣ። ሰዓት ሳይሞላ ግን በሩ ተበርግዶ ተከፈተና ጃኬቱን ሳያወልቅ ፊቴ ተንበረከከ።

«እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ቀን ጭንቅላትሽ ግንቡን መትቶ ነበር?»

«አልመታም።»

«ማርከስ መታ ይላል።»

«ማርከስ ማነው?»

«የቶው ትራኩ ሰው ነው። ሐሙስ ሐሙስ እሱ ጋ ነው የምሄደው። አካሉን በሕክምና የሚያለማምዱበት ቦታ ተኝቷል፤ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል። በሄድኩ ቁጥር የእናትህ ጭንቅላት እንዴት ነው ይለኛል፣ እኔም አልተመታችም እለዋለሁ። ዛሬ ቃል እየተሳሳተባት ነው፣ እጇም አልያዝ አላት ብዬ ስነግረው ከአልጋው ሊነሳ ምንም አልቀረው። ‹ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ አሁኑኑ ውሰዳት› አለኝ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። መታኝ ለማለት አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ ጠፋኝ። ጭንቅላቴን በግራ እጄ ነካሁለት። ናሆም ተሸክሞ መኪና ውስጥ አስገባኝ።

ዲኬተር ያለው ኢመርጀንሲ በሰው ጢም ብሏል። ከፊታችን ልጅ የታቀፈች፣ እጁን በፎጣ የጠቀለለ፣ ግድግዳ ተደግፎ ያንቀላፋ። ብርዱ አጥንት ይገባል። አንዲት የማላውቃት አሮጊት የራሷን ብርድ ልብስ ትከሻዬ ላይ አኖረችልኝና ምንም ሳትል ተመልሳ ተቀመጠች። ያቺን ሴት እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሳታለሁ፤ ስሟን አላውቅም፣ ጌታ ያውቀዋል።

ናሆም መስኮቱ ጋ ሄዶ «ጭንቅላቷን ከተመታች አምስት ሳምንት አልፏታል» ሲላቸው ወዲያው ባለ ጎማ ወንበር አመጡ። ጭንቅላት ውስጡን በሚያነሳው ማሽን፣ ሲቲ ስካን በሚሉት፣ አስገቡኝ። ሐኪሟ ፎቶውን ይዛ መጣች። በአስተርጓሚ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው፦ በራስ ቅሌና በአንጎሌ መካከል ያለች ቀጭን ደም ሥር ተቀድዳ ደም ጠብ፣ ጠብ እያለ ለሳምንታት ተጠራቅሟል፤ አሁን አንጎሌን ወደ አንድ ጎን ገፍቶታል። ደሙ በግራ ስለሆነ የደከመው ቀኜ ነው። አስፕሪኑና አይቡፕሮፌኑ ደሙ እንዳይቆም ረድተውታል። እንደ እኔ ዓይነቱ መድማት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ሰው ድካም ነው፣ ጭንቀት ነው ሲል ይዞት ይሄዳል።

«ቢቆይስ ኖሮ?» አላት ናሆም።

መልሷን አላስተረጎመልኝም። እኔም አልጠየቅኩትም።

በዚያው ሌሊት ጸጉሬን በግራ በኩል ላጭተው ሁለት ቀዳዳ በስተው ደሙን አወጡት። ስነቃ ናሆም የቀኝ እጄን ይዞታል። «ጨምቂኝ» አለኝ። ጨመቅኩት። ደካማ ነው፤ ግን ጨመቅኩት። ግንባሩን እጄ ላይ ደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

መዳኑ ረጅም ነው፤ በአንድ ጀምበር የሚነሳ ሰው አይምሰላችሁ። ማንኪያ መያዝ፣ አዝራር መቆለፍ፣ ባቄላ ከሰሃን ሰሃን መልቀም፣ እነዚህን እንደ ሕፃን ተማርኩ። ሥራዬ አልጠበቀኝም፤ ሌላ ሰው ቀጠሩ። ለሆስፒታሉ ክፍያ እርዳታ የሚጠየቅበትን ፎርም ዘኒ ገጽ በገጽ ሞላችልኝ። አሁንም ሲደክመኝ ቃል ይጠፋኛል። ጸጉሬ የበቀለው ነጭ ሆኖ ነው።

መኪና ውስጥ መግባት ስችል መጀመሪያ የሄድኩት ማርከስ ጋ ነው። ወደ እናቱ ቤት ተመልሶ ነበር፤ ከዲኬተር ትንሽ አለፍ ይላል። ዳቦ ልጋግርለት አሰብኩ፣ እጄ ሊጥ ለማቡካት አልበቃም፤ ብርቱካን ገዛን። በሩን የከፈተችው እናቱ ናት፣ ሚስ ሎሬታ። በእኔ ዕድሜ ናት። ዓይኗ እንደ እኔው ያልተኛ ዓይን ነው።

ማርከስ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የሱሪው የግራ እግር ተጣጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ማየት የፈራሁት እሱን ነበር። ማርከስ ግን መጀመሪያ ያየው የእኔን ጭንቅላት ነው። ለቀናት ያጠናሁት የእንግሊዝኛ ቃል ነበረኝ፤ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ሻሼን ፈታሁና ጎንበስ ብዬ ጠባሳውን አሳየሁት። ሰውዬው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ምን ይላል?» አልኩት ናሆምን።

«‹ገድዬአት ይሆን እያልኩ ነበር› ይላል እማ። ‹እግሬ ካመመኝ ይልቅ ያ ድምፅ ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ደህና ናት ሲሉኝም አላምንም ነበር› ይላል።»

እኔ እሱን ላለመክሰስ ብዬ የዘጋሁት አፌ፣ እሱን ሌሊት ሌሊት ሲያሰቃየው ኖሯል። ወንበሩ ሥር ተቀመጥኩ። ይቅርታ በየትኛው ቋንቋ እንዳልኩ አላውቅም።

ሚስ ሎሬታ ቆማ ታየን ነበር። ከዚያ ጠየቀችኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ ስታስበው የቆየችውን ነው። «አሥራ አንድ ሰው ነበራችሁ ብሎኛል ማርከስ። ልጅሽ ደህና ነኝ ብሎሻል። ታዲያ ለምን ሄዳችሁ?»

«ደህና ነኝ ስላለ» አልኳት።

ናሆም ወደ እኔ ዞረ። «እማ፣ ይህን እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?»

«እንዳልኩህ ንገራት።»

ነገራት። ሚስ ሎሬታ ዞራ ልጇን አየችው፤ አተኩራ አየችው። ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አለች።

«‹የኔም በየቀኑ ደህና ነኝ ይለኛል› ትላለች» አለኝ ናሆም።

ማርከስ ወደዚያ ሥራ አልተመለሰም። ይመለሳልም አይመስለኝም። ከዚህ ሁሉ ያገኘሁት ምሕረት ቢኖር ይህ ነው፦ ናሆም አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ይሄዳል፣ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። በመንገድ ላይ የሚያበራ መብራት ሲያይ ከሩቁ ምልክት አሳይቶ ወደ ግራ ይወጣል። እኔ አላይም። ዓይኔን ጨፍኜ እስክናልፍ ድረስ እቆያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ዘኒ በሬን ደበደበችው። የመኪና ቁልፏ እጇ ላይ ነው።

«የቸርቻችን የሣራ ልጅ ኤይቲ-ፋይቭ ላይ ተጋጨ! ሰው ሁሉ እየሄደ ነው፣ ነይ ውጪ!»

አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ መቼ እንደከተትኩት አላውቅም። «ልጁ ምን አለ?» አልኳት።

«ደህና ነኝ፣ አትምጡ አለ አሉ። ደህና ቢሆን አትምጡ ይላል? አንቺ አታውቂም እንዴ?»

«አውቃለሁ። አትሂጂ ዘኒ።»

«ከመኪና አልወርድም፤ አይቼው ብቻ እመለሳለሁ።»

«ያም ሽማግሌ ማየት ብቻ ነበር የፈለገው።»

ቆመች። «የእናቱ አንጀት ሲቃጠል ቤት እንቀመጥ? አንቺ ከታመምሽ ወዲህ ልብሽ ደነደነ!»

«እናቱ ጋ እንሂድ። ወደየትኛው ሆስፒታል እንደሚወስዱት ጠይቀን እዚያ እንጠብቀው። ሃይዌዩ ላይ ግን አትቆሚም።»

ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። ያኔ ቁልፉን ከእጇ ነጠቅኩት። በቀኝ እጄ ነው የነጠቅኩት። ዘኒ መልሳ ልትወስደው ጎተተች፣ ጣቴን አንድ በአንድ ልትፈለቅቅ ሞከረች፣ አለቀሰች፣ ሰደበችኝ።

አልለቀቅኩም።